ደብተሩ አብሮን እንዳይቀበር

እኩዮቼ ሆይ፣ በየምርምር ጣቢያው ጭቃ ረግጠን፣ በመስክ ፀሐይ ጠጉራችንን አሸብተን፣ ዛሬ በጡረታ ቤታችን የተቀመጥን ሁሉ፣ ይህን የምጽፈው ለእናንተ ነው። ወጣቶቹ ቢያነቡትም እሰየው፤ የሚያስፈራኝ ነገር ግን ያለው በእኛ እጅ ነው። አገር እውቀቷን ስታጣ ደወል አይደወልም፤ የሚያውቀው ይደክማል፣ የሚወርሰው አይጠራም፣ ወረቀቱ ይበሰብሳል፣ በኋላ የሚመጣው ትውልድም አባቶቹ የለኩትን እንዳልተለካ ቆጥሮ ከባዶ ይጀምራል። ይህ በሌሎች ላይ ደርሷል፤ ወደ እኛም እየመጣ መሆኑን ሳይ ዝም ማለት አልሆነልኝም።

በኮንጎ ወንዝ ዳር፣ ከኪሳንጋኒ በስተ ምዕራብ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ያንጋምቢ የሚባል ቦታ አለ። ቤልጂጎች እ.ኤ.አ. በ1933 ላቋቋሙት የግብርና ምርምር ተቋም ዋና ጣቢያው እርሱ ነበር፤ በዘመኑ በሐሩር አገሮች ከነበሩት የምርምር ማዕከሎች ከታላላቆቹ ይቆጠር ነበር። ቤተ ሙከራ፣ ቤተ መጻሕፍት፣ የአየር ጠባይ ጣቢያ፣ 150 ሺህ ያህል የደረቁ ዕፅዋት የተከማቹበት ኸርባሪየም ነበረው። ቤርናርትና ቫንደርዌየን የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች የፓልም ፍሬ ቅርፊት ውፍረት እንዴት እንደሚወረስ እ.ኤ.አ. በ1941 በጽሑፍ ያወጡት ከዚያ ተነሥተው ነው፤ ፍሬው ወፍራም ቅርፊት ያለው ዱራ ቅርፊት አልባ ከሆነው ፒሲፌራ ጋር ሲዳቀል፣ ቅርፊቱ የሳሳ፣ ዘይት የሚወጣበት ሥጋው የበዛ ቴኔራ ይወለዳል። ዛሬ የማሌዥያንና የኢንዶኔዥያን ሰፋፊ እርሻዎች የሞላው ይኸው ቴኔራ ነው፤ ሁለቱ አገሮች ከዓለም የፓልም ዘይት ከ80 በመቶ በላዩን ያመርታሉ። ድሮ ዘይት ለውጭ ትሸጥ የነበረችው፣ ምስጢሩ በምድሯ የተገለጠላት ኮንጎ ግን ዛሬ ዘይት ከውጭ ትገዛለች።

ይህን ያመጣው ነጮቹ መሄዳቸው ነው የሚል ብዙ ነው፤ እኔ ግን ጥፋቱ ከመሠረቱ የነበረ ይመስለኛል። ኮንጎ እ.ኤ.አ. በ1960 ነጻ ስትወጣ በአገሪቱ ሙሉ ከዩኒቨርሲቲ የተመረቀው ኮንጎዊ ከ30 አይበልጥም ነበር። በያንጋምቢ ጫካ እ.ኤ.አ. ከ1930ዎቹ መጨረሻ እስከ 1950ዎቹ ድረስ በየሳምንቱ እየዞሩ የትኛው ዛፍ አበበ፣ የትኛው ቅጠሉን አረገፈ፣ የትኛው አፈራ እያሉ የመዘገቡ ነበሩ፤ ዛፉን በልጡና በጠረኑ የሚለዩት፣ መንገዱን የሚመነጥሩት የአገሩ ልጆች ናቸው። ሆኖም ዛፉን ከሚለየው ሰው ምልክቱ ተወሰደ እንጂ የምልክቱ ትርጉም አልተሰጠውም፤ በሚታተመው ጽሑፍ ላይም ስሙ አልሰፈረም። ከነጻነቱ በኋላ ግርግሩ ሲመጣ ቤልጂጎቹ ባለሙያዎች በጥቂት ጊዜ ውስጥ ሄዱ፤ የቀረው ሰው ሥራውን እያወቀ ዓላማውን እንዳያውቅ ተደርጎ የኖረ ነበር። በዚያ ሁሉ መከራና ጦርነት ውስጥ ኸርባሪየሙ ፈጽሞ ያልጠፋው ደመወዝ እየተቋረጠባቸው በቦታው በቆዩ ኮንጎዊ ሠራተኞች ምክንያት ነው፤ ለእነርሱ ያለኝ አክብሮት ከፍ ያለ ነው። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ተመራማሪዎች እነዚያን የየሳምንት መዝገቦች ከመዛግብት ቤት አውጥተው ጫካው ለአየር ጠባይ መለወጥ የሚሰጠውን ምላሽ እያጠኑባቸው ነው። በመካከሉ የተቋረጡትን ዐሥርተ ዓመታት ግን ገንዘብም ሆነ ኮምፒዩተር ሊመልሳቸው አይችልም።

ጋናም የራሷ ታሪክ አላት። ፕሬዚዳንት ንክሩማ እ.ኤ.አ. በ1964 በክዋቤኛ ለአቶሚክ ማብላያ የመሠረት ድንጋይ አኖሩ፣ በ1966 ከሥልጣን ወረዱ፣ ሥራው ቆመ፤ አገሪቱ የምርምር ማብላያ ያገኘችው በ1994 ነው። መሠረት መጣል አንድ ቀን ይበቃዋል፤ ማስቀጠል የሰው ዕድሜ ይጠይቃል።

እኛ ቅኝ አልተገዛንም እንላለን፤ እውነት ነው፤ ኩራቱ ግን አባቶቻችን ጽፎ የማኖር ልማድ እንደነበራቸው፣ እኛ ግን እንደተውነው እንዳናይ ጋርዶናል። ካናዳዊው የጀስዊት ካህን ፒየር ጉዌን እ.ኤ.አ. በ1957 በአዲስ አበባ የጂኦፊዚክስ ጣቢያ አቋቁመው፣ በ1979 የኢትዮጵያንና የአፍሪካ ቀንድን የመሬት መንቀጥቀጥ ታሪክ በመጽሐፍ ያወጡት፣ በ1961 ማጀቴን ያፈረሰውንና ካራ ቆሬን የጎዳውን መንቀጥቀጥ በመሣሪያ ስለተከታተሉ ብቻ አልነበረም፤ ከዘመናት በፊት ምድር ስትናወጥ ቀኑን ጽፎ ያኖረ ጸሐፊ፣ ጽሑፉን የጠበቀ ገዳም ስለነበረ ነው። እነዚያ ሰዎች ለማን እንደሚጽፉ አላወቁም፤ ጽፈው ግን አኖሩ።

እኛስ? የሦስት ዓመት ፕሮጀክት ይመጣል፣ መረጃው ገንዘቡን በሰጠው ወገን ኮምፒዩተር ይገባል፣ ፕሮጀክቱ ሲዘጋ መኪናው ይቆጠራል፣ ደብተሩ ግን አይቆጠርም። ስሙን በማልጠራው አንድ ጣቢያ መጋዘን ውስጥ ከማዳበሪያ ጆንያ ሥር የዝናብ መዝገብ አገኘሁ፤ ጀርባውን አይጥ በልቶታል። በየጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ መለኪያውን አንብቦ በሚሊ ሜትር ያሰፈረው ሰው፣ በአንድ ገጽ ኅዳግ ላይ መለኪያው ከዛፉ ጥላ ተነሥቶ ወደ ሜዳው መዛወሩን በእርሳስ ጽፏል። ከዚያ ገጽ በፊትና በኋላ ያለው ዝናብ እኩል ሊነበብ እንደማይገባው የሚናገር ሌላ ማስረጃ የለም፤ ያ ኅዳግ ቢቀደድ፣ በመለኪያው መዛወር የመጣውን ልዩነት የልጅ ልጆቻችን የሰማይ ለውጥ ነው ብለው መጽሐፍ ይጽፉበታል።

ጊዜው ገና አልመሸም፤ የጻፍነውን የምናነብ እኛ በሕይወት አለን። በየቁም ሣጥኑ ያለውን ካርቶን አውርዱ፤ በምኅጻር የጻፋችሁትን ዘርዝሩ፣ መሬቱ በጥማድ ይሁን በሄክታር፣ ምርቱ በኩንታል ይሁን በኪሎ እንደተለካ አስረዱ፣ ማሳው ዛሬ የማን ግቢ እንደሆነ አመልክቱ። ያላችሁን አንድ ቅጂ ለማንም እንግዳ አሳልፋችሁ አትስጡ፤ አስገልብጣችሁ በአገር ቤተ መጻሕፍት አኑሩ። ማን ጠየቀኝ ብላችሁ አትቀመጡ፤ ወጣቱ ያልጠየቀው መኖሩን ስላላወቀ ነው። ወደ ጣቢያው ስትሄዱም ብቻችሁን አትሂዱ፤ ሜትሩን ይዞላችሁ የኖረው የመስክ ሠራተኛ በሕይወት ካለ አብራችሁ ውሰዱት፣ ስሙንም ከስማችሁ ጎን ጻፉት፤ የትኛው ዘር ከየትኛው ገበሬ ጎተራ እንደመጣ ከእናንተ ይልቅ እርሱ ያስታውሳል።