ነፋሱ የሚወስደውን ማን ይመዝን?

በመኸር ወራት ከመርሳ ወጣ ብሎ በሀብሩ ወረዳ የሚዘዋወር ሰው ገበሬው አውድማ ላይ በመንሽና በላይዳ ምርቱን ወደ ላይ ሲበትን፣ ነፋሱም ፍሬውን ከእብቁ ሲለይለት ያያል። ፍሬው ይሰፈራል፤ ገለባው ለከብት ይከመራል። ነፋሱ የወሰደውን ብናኝ የሚሰፍር ቁና ግን የለም። ከፊሉም የሚያርፈው በገበሬው ሳንባ ውስጥ ነው።

ጉዳዩ አዲስ አይደለም። ጣሊያናዊው ሐኪም ቤርናርዲኖ ራማዚኒ እህል የሚያበጥሩና የሚሰፍሩ ሰዎች በአቧራው ሳቢያ በሳልና በትንፋሽ እጥረት እንደሚሠቃዩ ከጻፈ 300 ዓመታት አልፈዋል።

ለዓይን የማይታየው ብክነት ደግሞ ሌላ ነው። በከብት ሽንትና በማዳበሪያ ውስጥ ያለው ዩሪያ፣ ዩሪኤዝ በተባለ ኢንዛይም አማካይነት ወደ አሞኒያ ይለወጣል። የዩሪያ ማዳበሪያ 46 በመቶው ናይትሮጅን ነው። በሞቃት መሬት ላይ ተበትኖ አፈር ሳይለብስ ከቀረ፣ ገበሬው በውድ ዋጋ ከገዛው ናይትሮጅን ከፊሉ በንኖ ይጠፋል። አሞኒያውም በአየር ውስጥ ከአሲዶች ጋር ተዋሕዶ ከ2.5 ማይክሮሜትር ያነሱ፣ ወደ ሳንባ ዘልቀው የሚገቡ ብናኞችን ይፈጥራል።

ይህን ጥናት የሕይወት ዘመን ሥራቸው ያደረጉ ምሁራን አሉ። ለአብነት ያህል፣ በኬሚካል ምህንድስና የሠለጠኑት የኖርዝ ካሮላይና ስቴት ዩኒቨርሲቲው ቪኒ አኔጃ ከአሳማ እርባታ የሚወጣውን አሞኒያ ለዓመታት አጥንተዋል፤ እ.ኤ.አ. በ2006 በአሜሪካ ሜሪላንድ በግብርና አየር ጥራት ላይ የተካሄደውን ዐውደ ጥናትም ካስተባበሩት አንዱ ናቸው። ከእርሳቸው ጉዞ የምንማረው መስኩ ለግብርና ተማሪ ብቻ የተተወ አለመሆኑን ነው።

«ሆድ ሳይሞላ ስለ አየር ማውራት ቅንጦት ነው» የሚሉ ይኖራሉ። በእኛ እምነት ግን በንኖ የሚጠፋው ናይትሮጅን ራሱ ያልተሰበሰበ እህል ነው።

የሲሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል የሚገኘው በሀብሩ ነው፤ ወልዲያ ዩኒቨርሲቲም ግብርናን የሚያስተምረው በመርሳ ግቢው ነው። ጥናቱን ለመጀመር ሁልጊዜ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ዩሪያ በተበተነበት መሬት ላይ በክዳን ሥር የተቀመጠ የቀጠነ አሲድ አሞኒያውን ይይዛል፤ መጠኑም ተማሪዎች በቤተ ሙከራ በሚያውቁት ቲትሬሽን ይለካል። ስለዚህ የመመረቂያ ጥናቱን ርእስ የሚፈልግ የኬሚስትሪ፣ የፊዚክስ ወይም የባዮሎጂ ተማሪ አስቀድሞ ወደ አውድማው ይውረድ። መምህራንም የኩንታሉን ያህል ለትንፋሹ ቦታ ይስጡት።