የቅዳሜና እሑድ ጀርመንኛና የሰዓቱ ሒሳብ

በአዲስ አበባ ቅዳሜና እሑድ ጀርመንኛ የሚማሩ ሰዎች ዓላማቸው አንድ ዓይነት አይደለም። ነርሷ ለሥራ፣ አዲስ ተጋቢዋ ወደ ባሏ ለመሄድ፣ ተመራቂው ለሙያ ሥልጠና፣ ሕፃኑ ደግሞ ወላጆቹ ስለፈለጉ ይማራል። የሚያመሳስላቸው ሌላው የሳምንቱ ቀን በሥራ ወይም በትምህርት ቤት የተያዘ መሆኑ ነው። ጥያቄው በሳምንት ሁለት ቀን የሚሰጠው ትምህርት እያንዳንዱን ካሰበበት ያደርሰዋል ወይ? የሚለው ነው።

የፍላጎቱ ምንጭ ይታወቃል። ጀርመን የሠራተኛ እጥረቷን ለመሸፈን ያወጣችው የባለሙያዎች ፍልሰት ሕግ እ.ኤ.አ. ከማርች 2020 ጀምሮ ሥራ ላይ ውሏል፤ እ.ኤ.አ. በ2023 ደግሞ ይበልጥ እንዲላላ ተደርጓል። ይሁን እንጂ በሩ የሚከፈተው በአብዛኛው በቋንቋ ማስረጃ ነው።

በአውሮፓ የቋንቋ ችሎታ ከኤ1 እስከ ሲ2 ባሉ ስድስት ደረጃዎች ይለካል። እ.ኤ.አ. ከኦገስት 2007 ወዲህ ወደ ጀርመን የሚሄድ የትዳር ጓደኛ ገና አገሩ ሳለ ኤ1 ማለፍ ይጠበቅበታል፤ የአንዳንድ የሠለጠኑ ባለሙያዎች ባለቤቶች ግን ከዚህ ነፃ ናቸው። ለሙያ ሥልጠና በአብዛኛው ቢ1፣ ነርስ ሆኖ ለመሥራት ደግሞ በአብዛኛው ቢ2 ይጠየቃል።

እንግዲህ ወደ ሒሳቡ እንግባ። እ.ኤ.አ. በ1962 አዲስ አበባ ላይ የተከፈተው ጎተ ኢንስቲትዩት በሚጠቀምበት ግምት መሠረት፣ ለኤ1 ፈተና ከ80 እስከ 200፣ ለቢ1 ከ350 እስከ 650፣ ለቢ2 ከ600 እስከ 800 ክፍለ ጊዜ ያስፈልጋል። አንዱ ክፍለ ጊዜ 45 ደቂቃ ነው። ቅዳሜ ሦስት፣ እሑድ ሦስት ክፍለ ጊዜ የሚማር ሰው በሳምንት ስድስት ያገኛል። በዚህ አካሄድ ኤ1 ቢበዛ ስምንት ወር ይፈጃል። ቢ1 ከአንድ ዓመት በላይ፣ ቢ2 ደግሞ ቢያንስ ወደ ሁለት ዓመት የሚጠጋ ጊዜ ይጠይቃል።

«በስድስት ወር ቢ2» የሚል ማስታወቂያ የሚመዘነው በዚህ ነው። በስድስት ወር የሳምንት መጨረሻ ትምህርት የሚገኘው 156 ክፍለ ጊዜ ገደማ ነው። ይህ ከኤ1 ደረጃ ብዙም አያልፍም። ሥራዋን ለቃ፣ ተበድራ የምትመዘገብ ነርስ ይህን ቀድማ ማወቅ ይገባታል።

ይህ ሲባል ግን የሳምንት መጨረሻ ትምህርት ዋጋ የለውም ማለት አይደለም። ለትዳር ጓደኛ የሚጠየቀው ኤ1 በዚህ መንገድ የሚደረስበት ነው። ከፍ ላለው ደረጃም ቢሆን በሥራ ቀናት በየማታው የሚያጠና ሰው መንገዱን ያሳጥራል። አማርኛ ተናጋሪም የራሱ ስንቅ አለው። ግሥን ከዐረፍተ ነገር መጨረሻ ማስቀመጥ፣ ጀርመንኛ በጥገኛ ሐረጎች ውስጥ የሚያደርገው ነገር፣ ለእኛ እንግዳ አይደለም። የሚያስቸግረው የስሞች ፆታ ሦስት መሆኑ ነው።

የልጆቹ ጉዳይ ከዚህ ይለያል። ሕፃን ልጅ በፈተና ሰዓት አይለካም፤ በጨዋታና በመዝሙር ድምፁን ከለመደ ይበቃዋል። ስለዚህ ከአዋቂዎች ጋር አንድ ክፍል ማስቀመጥ ሁለቱንም ይጎዳል። ወላጅ በጀርመን ያለው ልጅ ግን ሕጉንም ማሰብ አለበት። ከ16 ዓመት በታች ያለ ልጅ የቋንቋ ማስረጃ አይጠየቅም። 16 ዓመት ሞልቶት ከወላጆቹ በኋላ ለብቻው የሚሄድ ግን፣ ሕጉ ነፃ ያደረገው ካልሆነ በቀር፣ ሲ1 ማምጣት ወይም ከአገሩ ኑሮ ጋር እንደሚዋሃድ ማሳመን ይኖርበታል። ሲ1 ከቢ2ም በላይ ነው። ማመልከቻውን «ትንሽ ይደግ» እያሉ ማዘግየት ቤተሰብን ለዓመታት ሊለያይ ይችላል።

ከዚህ አንፃር አስተማሪ ማዕከላት በማስታወቂያቸው ላይ የወሩን ብዛት ብቻ ሳይሆን የክፍለ ጊዜውን ቁጥር ቢጽፉ ተገቢ ነው። ተመዝጋቢውም ገንዘብ ከመክፈሉ በፊት ሁለት ነገር ይጠይቅ፦ ለእኔ ጉዳይ የሚፈለገው ደረጃ የትኛው ነው? እዚያ ለመድረስስ ስንት ክፍለ ጊዜ ትሰጡኛላችሁ? መልሱን በጽሑፍ የማይሰጥ ማዕከል ካጋጠመው፣ ሌላ ቢፈልግ ይሻለዋል።