መጀመሪያ ሙጫ ወይስ መጀመሪያ ቀለም?

ዛሬ ፖለቲካውን ለባለቤቶቹ ትተን ስለ አውሮፕላን እናወጋለን። ስለ ትልቁ ሳይሆን ክፍል በክፍል እየለጣጠፍን ጠረጴዛ ላይ ስለምናቆመው ሞዴል። "የልጅ ጨዋታ!" የሚል አይጠፋም። የልጅ ጨዋታ ቢሆን ኖሮ ፒያሳ ቁጭ ብለን፣ ማኪያቷችን እስኪቀዘቅዝ ባልተጨቃጨቅንበት።

ጭቅጭቃችን አንድ ነው፤ ቀለም የሚቀባው መቼ ነው? ግማሻችን "ሁሉ ነገር ተገጣጥሞ ሲያልቅ ነዋ! ቤትስ የሚቀባው ተሠርቶ ሲያልቅ አይደል?" ይላል። ግማሻችን ደግሞ ክፍሎቹ ተያይዘው ከመጡበት የፕላስቲክ ፍሬም ሳይነቀሉ ቀብቶ መገላገል ይወዳል። በእኛ በዚህ ገጽ ጸሐፊዎች እምነት ሁለቱም ወገን ተሳስቷል። "መቼ?" የሚለው ጥያቄ ለአውሮፕላኑ በሙሉ አንድ መልስ የለውም። የሚጠየቀው ለእያንዳንዱ ክፍል ነው፤ ከተለጠፈ በኋላ ብሩሽ ይደርስበታል? መጋጠሚያ መስመርስ ያልፍበታል?

የአብራሪው ክፍል ውስጡ፣ ወንበሩና መቆጣጠሪያ ሰሌዳው የአውሮፕላኑ አካል ግራና ቀኝ ከተዘጋ በኋላ ብሩሽ አይደርስባቸውም። ስለዚህ ቀድመው ይቀባሉ። ጎማና ፕሮፔለርም ለብቻቸው ተቀብተው መጨረሻ ላይ ቢገቡ ይሻላል። አካሉና ክንፉ ግን መጋጠሚያ አላቸው። ቀድሞ የቀባቸው ሰው ስንጥቁን ሲሞላና ሲያሽ ቀለሙን መልሶ ይልጠዋል። የሞዴል ሙጫ ደግሞ ፕላስቲኩን አቅልጦ ነው የሚያጣብቀው። ቀለም መሃል ከገባ የሚይዘው ቀለሙን ነው፤ ክንፉ አንድ ቀን እጅ ላይ ይቀራል። ቀድማችሁ የምትቀቡትን ክፍል ሙጫ የሚነካውን ጠርዝ በወረቀት ፕላስተር ሸፍኑት፣ ወይም ፍቃችሁ ለጥፉ።

ይህን ያህል ማካበዳችን ያለ ምክንያት አይደለም። ሞዴሉ ለብዙዎቻችን የሚመጣው በዘመድ ሻንጣ ነው። አንዱ ከተበላሸ ሌላው የሚመጣው ያ ዘመድ እንደገና ሲመጣ ነው!

ወደ ፕራይመር እንምጣ። "ቀለም ለማባከን ነው" ብለው የሚዘሉት አሉ። የመኪና ቀለም ቀቢዎችን ጠይቁ እስቲ፤ ስቱኮውን አሽቶ፣ ፕራይመር ሳይነፋ ዋናውን ቀለም የሚደፋ ቀቢ ደንበኛ አይመለስለትም። ፕራይመር ቀለሙን ከማያያዙም በላይ ያጋልጣል። በዓይን ያልታየ ጭረትና ስንጥቅ ወጥ በሆነው ግራጫ ላይ ቁልጭ ብሎ ይወጣል፤ ያኔ ተመልሶ በብርጭቆ ወረቀት ማሸት ነው። (በነገራችን ላይ ስቱኮ፣ ኮላ፣ ኮምፔንሳቶ፣ ራሷ ፒያሳም የጣሊያን ቃላት ናቸው። ወደዚህ እንመለሳለን።)

"መቼ" ሲባል ወሩም ይቆጠራል። ሐምሌ ላይ እርጥበቱ በበዛበት ቀን ስፕሬይ የነፋ ሰው ቀለሙ ላይ ነጭ ጭጋግ ሊያርፍበት ይችላል። በ2016ቱ ማፍረስ ከዶሮ ማነቂያ ተነሥቶ ኮንዶሚኒየም የገባው ጓደኛችን ያለችው ነፋሻ ቦታ አንዲት በረንዳ ናት። ሽታው ቤት ውስጥ አይነፋም። ስለዚህ ፀሐይ የወጣበትን ቀን ጠብቆ የትናንሾቹን ክፍሎች ፕራይመር ሁሉ በአንድ ጊዜ ከነፍሬማቸው ይነፋል። ሲነቀሉ የሚቀረውን ጠባሳ በኋላ በብሩሽ ይነካካዋል። ይህን እንኳ ለሁለተኛው ወገን እንሰጣለን።

የቀለሙም ተራ አለው። የኢትዮጵያ አየር መንገድን ጭራ የሚሠራ ሰው አረንጓዴውን አስቀድሞ ቢጫውን ላዩ ላይ ቢያመጣ ቢጫው ይቆሽሻል። ቢጫ ከሥሩ ያለውን አይደብቅም። ነጭ ፕራይመር፣ ቀጥሎ ቢጫ፣ ሲደርቅ ቢጫውን በፕላስተር ሸፍኖ ቀይና አረንጓዴ። ሁሉም ስስ ስስ እየተደረገ።

አሁን ዓይናችን ያረፈው "ፀሐይ" ላይ ነው። ጀርመናዊው ሉድቪግ ቬበር ከኢትዮጵያውያን ጋር እዚሁ አዲስ አበባ የሠራት፣ በ1928 ዓ.ም. የበረረች፣ በልዕልት ፀሐይ ስም የተሰየመች አውሮፕላን ናት። ጣሊያን ወስዷት በቪኛ ዲ ቫሌ የአየር ኃይል ሙዚየም ስትኖር ቆይታ ጥር 2016 ዓ.ም. ተመለሰች። እሷን ወስዶ ስቱኮን ትቶልን ሄደ ማለት ነው! እኛ ልንሠራት ያሰብነው ከኮምፔንሳቶና ከካርቶን ነው፤ ያኔ ተራው ትንሽ ይለወጣል። እንጨት ቀለም ይጠጣል። ስለዚህ እያንዳንዱ ክፍል ከመለጠፉ በፊት አንድ ዙር ፕራይመር ጠጥቶ መታሸት አለበት፤ ኮላ የሚያርፍበት ቦታ ብቻ ባዶ ይቀራል።

የአብራሪዋን ክፍል ውስጡን አጥርቶ ፎቶ ያነሣ ካለ ያሳየን። አካሏን ዘግተን ሳንለጥፍ።