ጋዝ በሜትር ኩብ አይለካም

"ጋዝ ያለው አገር ሀብታም ነው፤ ብዙ ያለው ደግሞ ይበልጥ ሀብታም ነው" የሚሉን ጓደኞች አሉን። እኛ ግን "ሀብቱ ለማን?" እንላለን።

ሆላንድንና ኖርዌይን እንይ። ሆላንድ እ.ኤ.አ. በ1959 ግሮኒንገን ላይ ከምዕራብ አውሮፓ ትልቁን የጋዝ ክምችት አገኘች። የፓርላማው አጣሪ ኮሚቴ በ2023 እንደገለጸው መንግሥት 363 ቢሊዮን፣ ሼልና ኤክሶን 66 ቢሊዮን ዩሮ ግድም አፈሱ። ታዲያ ገንዘቡ የት ገባ? አብዛኛው በየዓመቱ ባጀት ውስጥ ቀለጠ! ለግሮኒንገን ሰው የደረሰው የምድር መንቀጥቀጥ ነው። ጋዙ ሲወጣ መሬቱ ሰጠመ፣ ግድግዳው ተሰነጠቀ። በ2012 የሁይዚንገው መንቀጥቀጥ 3.6 ደረሰ፤ ጋዝ ማውጣቱ የቆመው ግን በ2023 ነው። "ላም አለኝ በሰማይ" ይላል ያገራችን ሰው። የግሮኒንገን ላም ከእግር በታች ነበረች፤ ወተቱን ሌላው ጠጣ፣ ርግጫው ለባላገሩ ተረፈ።

ኖርዌይስ? ከነዳጅና ከጋዝ ኩባንያዎች ትርፍ 78 ከመቶ ግብር ትወስዳለች። በ1990 በሕግ ፈንድ አቋቋመች፤ በ1996 የመጀመሪያውን ገንዘብ አስገባች። መንግሥት በዓመት እንዲያወጣ የተተመነለት ከፈንዱ 3 ከመቶ ግድም ነው። ዋናው ለልጅ ልጅ ይቆያል።

"የኖርዌይ ጋዝ ባሕር ውስጥ ስለሆነ ዕድለኛ ናት" የሚለን አይጠፋም። እሺ፣ ግድግዳዋን ባሕሩ አዳነላት እንበል። ገንዘቡንስ የቆለፈው ባሕሩ ነው? ሕግ ነው እንጂ!

እንግዲህ ስለ ካሉብ ጋዝ ስንከራከር ከሜትር ኩብ አንጀምር። ቁልፉ በማን እጅ ነው? በኦጋዴን ግመሉን የሚጠብቀው አርብቶ አደር ምን ያገኛል? ይህ በሕግ ካልተጻፈ ጋዙ ሀብት አይደለም፤ ወሬ ነው።