«ኢሚዩኒቲ የሚጨምር» ከመግዛታችሁ በፊት



«ዶክተር፣ ኢሚዩኒቲ የሚጨምር ነገር ይዘዙልኝ» የሚል መልእክት በብዛት ይደርሰኛል። የሰውነት መከላከያ በጨመረ ቁጥር ጤናም ይጨምራል የሚለው ሐሳብ ግን ልክ አይመስለኝም። ለምን? በአንድ በሽታ ላስረዳችሁ።

ኤችቲኤልቪ-1 የሚባል ቫይረስ አለ። የኤችአይቪ የሩቅ ዘመድ ነው፤ ኤድስን ግን አያመጣም። በጡት ወተት፣ በግብረ ሥጋ ግንኙነትና በደም ይተላለፋል። አንዴ ከገባ ዕድሜ ልክ ይቆያል። በዓለም ላይ ቢያንስ ከ5 እስከ 10 ሚሊዮን ሰዎች እንደያዘ ይገመታል። አብዛኞቹን ምንም አያማቸውም። ጥቂቶቹ ላይ ግን ከብዙ ዓመታት በኋላ ሕብለ ሰረሰር ይጎዳል። ይህን በ1985 በማርቲኒክ ደሴት፣ በ1986 ደግሞ በጃፓን የነበሩ ሐኪሞች ናቸው ያሳወቁት።

ምልክቶቹ ቀስ እያሉ ይመጣሉ፦
👉 እግር መክበድ፣ መገተርና መድከም
👉 ሽንት ቶሎ ቶሎ መምጣት ወይም አልወጣ ማለት
👉 የሆድ ድርቀት
👉 የወገብ ሕመም

ታዲያ ነርቩን የሚጎዳው ማነው? በዋናነት የራሳችን መከላከያ ነው! ቫይረሱ የሚደበቀው ሲዲ4 በሚባሉ ነጭ የደም ሴሎች ውስጥ ነው። እነዚህ ሴሎች ሕብለ ሰረሰር ውስጥ ሲገቡ ኢንተርፌሮን ጋማ የተባለ ኬሚካል ይለቃሉ። በዚያ ያሉ የነርቭ ደጋፊ ሴሎችም ይህን ሲያዩ ተጨማሪ የመከላከያ ሴሎችን ይጠራሉ። የመጡትም በተራቸው ሌሎችን ያስጠራሉ። በዚህ ማብቂያ በሌለው ግርግር መሀል ያለ ጥፋቱ የሚመታው ነርቩ ነው። የሚገርመው፣ ቫይረሱን የሚያድኑት ሲዲ8 ሴሎች በታማሚዎቹ ላይ አንሰው ሳይሆን በጣም በዝተው ነው የሚገኙት።

ለዚህ ነው ሐኪሞች ለእንዲህ ያለ ታማሚ መከላከያውን የሚያበርድ እንደ ስቴሮይድ ያለ መድኃኒት የሚሰጡት። የሞተ ነርቭን ግን የሚመልስ መድኃኒት የለም።

ስለዚህ የኔ አቋም ይህ ነው፦ ጤና ማለት መከላከያው ልኩን ሲያውቅ እንጂ ሲበዛ አይደለም። ክትባት ከዚህ ጋር አይምታታባችሁ፤ እሱ መከላከያን ጠላቱን ለይቶ እንዲያውቅ ነው የሚያስተምረው።

እግራችሁ ለሳምንታት ከከበደና ሽንታችሁ ካስቸገረ፣ በየቦታው የሚሸጠውን «ኢሚዩኒቲ ጨማሪ» እየሞከራችሁ ጊዜ አታባክኑ። ስቴሮይድም በራሳችሁ አትጀምሩ። ምክንያቱ ብዙ ሊሆን ስለሚችል የነርቭ ሐኪም ይያችሁ። በድንገት ከሆነ ግን ነገ አትበሉ፣ ዛሬውኑ ሆስፒታል ሂዱ።