መብራት ጠፋ ማለት ማሽኑ አይነሣም ማለት አይደለም

ደብረ ብርሃን፦ በሰሜን ሸዋ ወፍጮ ቤት ደጃፍ ወረፋ ይዞ የሚያውቅ ሰው ይህን ሳያይ አይቀርም። ወፍጮው እያጓራ ሳለ መብራት ድንገት ይጠፋል። ባለ እህሉ ጆንያውን ተደግፎ ይቀመጣል። የወፍጮ ቤቱ ሠራተኛ ግን ጊዜውን በከንቱ አያሳልፈውም፤ የላላውን ቺንጋ ያጠብቃል፣ የታፈነውን የዱቄት መውረጃ ይጠርጋል፣ ድንጋዩን አንሥቶ ይወቅራል። ማብሪያው ግን እንደበራ ነው። መብራቱ መቼ እንደሚመለስ የሚያውቅ የለም፤ ሲመለስም ማንንም አያስጠነቅቅም።

የአደጋው ምንጭ እዚህ ላይ ነው። በእጅ ወደ ላይና ወደ ታች በሚገፋ ማብሪያ የሚሠራ ሞተር ማብሪያው ካልተመለሰ በስተቀር ኃይል ባገኘበት ቅጽበት ይነሣል። ኮንታክተር የተገጠመለት ሞተር በአንጻሩ መብራት ሲመለስ በራሱ አይነሣም፤ ሰው ቁልፉን እንደገና ሊጫነው ይገባል። ሆኖም ይህም ቢሆን ሙሉ ዋስትና አይሰጥም። ወረፋው የረዘመበት ባልደረባ መብራት መምጣቱን እንዳየ ቁልፉን ቢጫን፣ ከማሽኑ ሥር ያለውን ሰው ላያየው ይችላል።

ችግሩ የወፍጮ ቤት ብቻ አይደለም። ደብረ ብርሃን ከብርድ ልብስ ፋብሪካዋ ዘመን አንሥቶ የፋብሪካ ከተማ ናት። ዛሬ የቢራ ፋብሪካዎችና በ2011 ዓ.ም የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክም ብዙ ወጣቶችን ያሠራሉ። በፋብሪካ ውስጥ አንድ ማሽን በብዙ ሰዎች እጅ ነው። ጠጋኙ ከማሽኑ ኋላ ጎንበስ ብሎ ሳለ ፈረቃ ሊቀየር ይችላል፤ ተተኪው ሠራተኛ ደግሞ ማሽኑ ለምን እንደቆመ ላይነገረው ይችላል። የአንኮበር ወፍጮ ቤትና የደብረ ብርሃን ፋብሪካ በስፋት ቢለያዩም ጥያቄያቸው አንድ ነው፦ እጄ ማሽኑ ውስጥ እያለ ኃይሉን የሚያዘው ማን ነው?

ኃይል ሲባልም ኤሌክትሪክ ብቻ አይደለም። ማብሪያው ከጠፋ በኋላ የሞተሩ ከባድ ጎማ ለተወሰነ ጊዜ ይሽከረከራል። በቦይለርና በቧንቧ ውስጥ እንፋሎት፣ በኮምፕሬሰር ውስጥ የታመቀ አየር ይቆያል። ወደ ላይ የተነሣ የኮምባይነር ማጨጃ የያዘው የዘይት ግፊት ሲለቅ ይወድቃል። በመኸር ወቅት በአውድማ ላይ ገለባ የተሰነገበት መውቂያ ማሽን የቆመ ይመስላል፤ ሞተሩ እየሠራ ገለባውን በእጁ የሚስብ ሰው ግን እንቅፋቱ በተነሣበት ቅጽበት እጁን ለከበሮው ይሰጣል።

መፍትሔው ውድ መሣሪያ አይጠይቅም። በሌላው ዓለም የተለመደው አሠራር ኃይሉን ከምንጩ ቆርጦ መቆለፍ ነው። አሜሪካ ይህን በደንብ የደነገገችው እ.ኤ.አ. በ1989 ነው። ቅደም ተከተሉም ግልጽ ነው። በመጀመሪያ በአካባቢው ላሉት ሁሉ ማሽኑ ለጥገና እንደሚቆም ይነገራል። ማሽኑ በወጉ ይጠፋል። ኃይሉ ከዋናው ማብሪያ ይቋረጣል፤ በትራክተር የሚሠራ መውቂያ ከሆነ ሞተሩ ጠፍቶ ቁልፉ ይነቀላል። ዋናው ማብሪያ ያለበት ሣጥን በጓጉንቸር ይቆለፋል፣ «ሰው እየሠራ ነው፤ እንዳታበሩ» የሚል ጽሑፍም ይንጠለጠልበታል። ቀጥሎ የሚሽከረከረው እስኪቆም ይጠበቃል፣ የታመቀው ይተነፍሳል፣ ወደ ላይ የተነሣው ወደ ታች ይወርዳል ወይም ጠንካራ ድጋፍ ይደረግለታል። በመጨረሻም እጅ ከመግባቱ በፊት ማሽኑ እንደማይነሣ በማስነሻው ይሞከራል፤ ከሙከራው በኋላ ማስነሻው ወደ ማጥፊያው ይመለሳል።

ከሁሉ በላይ አንድ ሕግ አለ፦ የጓጉንቸሩ ቁልፍ በጠጋኙ ኪስ ይሆናል። ሦስት ሰዎች ከጠገኑ ሦስት ጓጉንቸር ይንጠለጠላል፤ የመጨረሻው ሰው የራሱን ሳይፈታ ማሽኑ አይነሣም። ጽሑፍ ብቻ አይበቃም፤ ጽሑፍን ያላነበበ ሰው ማብሪያውን ሊነካ ይችላል፣ የተቆለፈውን ግን አይከፍትም።

የአገራችን ሕግም በጉዳዩ ዝም አላለም። ኢትዮጵያ የሙያ ደኅንነትና ጤንነትን የሚመለከተውን የዓለም ሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 155 እ.ኤ.አ. በ1991 አጽድቃለች። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 92 አሠሪው የሠራተኞቹን ደኅንነት እንዲጠብቅና ስለ ሥራው አደገኝነት እንዲያሳውቃቸው ያስገድዳል። አንቀጽ 93 ደግሞ ሠራተኛው የደኅንነት መመሪያዎችን እንዲያከብር ግዴታ ይጥልበታል።

አዋጁ የሚገዛው ግን በአሠሪና በሠራተኛ መካከል ያለውን ግንኙነት ነው። ወፍጮውን ከልጁ ጋር የሚያንቀሳቅስ ባለቤት ወይም ለጎረቤቱ በደቦ እህል የሚወቃ ገበሬ አሠሪ የለውም። የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪም ወደ አውድማው አይደርስም። በፋብሪካ ውስጥ ቁጥጥሩ ሊጠናከር ይገባል፤ በገጠር ግን ትምህርቱ ማሽኑን ተከትሎ መሄድ አለበት። ማሽን የሚሸጥና የሚያከራይ ሰው አነሣሡን ብቻ ሳይሆን አቆላለፉንም ቢያሳይ፣ የግብርና ባለሙያዎች ስለ መውቂያ ማሽን ሲያስተምሩ ይህን ቢጨምሩ፣ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆችም ተማሪዎቻቸውን ከመፍቻው ጋር ጓጉንቸር ቢያስይዙ ክፍተቱ ይጠባል።

ወረፋው እንደሚያስቸኩል ይታወቃል። ዱቄቱ ለማታው እንጀራ ይፈለጋል፤ አውድማውም ዝናብ ሳይቀድመው መጠናቀቅ አለበት። ነገር ግን ለመቆለፍ የሚያስፈልገው ጊዜ ጥቂት ደቂቃ ነው። እጁን ያጣ ገበሬ ግን በቀጣዩ ክረምት እርፍ የሚጨብጥለት ሌላ ሰው ይፈልጋል። እህሉን ያስቀመጠበትን ጎተራ ቤት በጓጉንቸር የሚቆልፍ ሰው፣ እጁን የሚያስገባበትን ማሽን ሳይቆልፍ መቅረብ የለበትም።