በምስጋና ያልተዘጋ መዝሙር

ከጥቂት ዓመታት በፊት የስድስት ወር ፅንሳችንን ባጣን ሰሞን ከቤታችን ሰው አይለይም ነበር። ወገኖች እየመጡ «ለበጎ ነው»፣ «ጌታ የተሻለ አለው» ይሉናል፤ እኛም «አሜን» ብለን እስከ በር እንሸኛቸዋለን። በሩ ሲዘጋ ግን እኔና ባለቤቴ የምንነጋገረው አልነበረንም። ከተጋባን ጀምሮ የያዝነው የማታ የጸሎት ጊዜያችንም ተቋረጠ።

የቤቱ ራስ እንደመሆኔ ማጽናናት አለብኝ ብዬ አንድ ማታ መዝሙር 103ን ገልጬ ጮክ ብዬ ማንበብ ጀመርኩ። ሦስተኛው ቁጥር ላይ ሳልደርስ «እባክህ፣ ዛሬ አልችልም» ብላ ተነስታ ወደ መኝታ ቤት ገባች። ተቀየምኳት። እምነቷ የደከመ መሰለኝ። እርሷ ቢያንስ ታለቅስ ነበር፤ ማልቀስ እንኳ ያቃተኝ እኔ እንደሆንኩ አላስተዋልኩም።

በዚያው ወራት መዝሙረ ዳዊትን ለብቻዬ በተራ አነብ ነበር። 88ኛው ላይ ስደርስ ቆምኩ። ብዙዎቹ የልቅሶ መዝሙራት መጨረሻቸው ይለወጣል። 13ኛው አራት ጊዜ «እስከ መቼ» ብሎ ጠይቆ በዝማሬ ይፈጸማል። 22ኛውም የተተወ ሰው ጩኸት ሆኖ ጀምሮ በጉባኤ መካከል ወደ ማመስገን ይደርሳል። የኤማን መዝሙር የሆነው 88ኛው ግን እንደዚያ አይደለም። ወደ ምስጋና የሚዞርበትን ቁጥር ፈለግሁ፤ የለም። ወዳጆቹ እንደራቁት ተናግሮ በጨለማ ያበቃል።

ደግሜ ሳነበው ግን ያለፍኩትን ነገር አየሁ። ይህ ሰው ሦስት ጊዜ መጮኹን ይናገራል፦ ቀንና ሌሊት፣ ዕለት ዕለት፣ ደግሞም በማለዳ። መልስ አላገኘም፤ መምጣቱን ግን አልተወም። ሲጀምርም እግዚአብሔርን የመድኃኒቱ አምላክ ብሎ ነው የጠራው። እኔ ግን ለሰው «አሜን» እያልኩ ለጌታ ዝም ብዬው ነበር።

በዚያ ማታ ምንም ማብራሪያ ሳልጨምር ለባለቤቴ አነበብኩላት። ስጨርስ «ይህም በመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ አለ?» አለችኝ። ድገመው አለችኝና ስደግመው ድምፄ ተቆረጠ። እጄን ይዛ «ጌታ ሆይ፣ አዝነንብሃል» ብላ ጸለየች። ከዚያ በላይ አልጨመረችም። ከሰባት ሳምንት በኋላ አብረን የጸለይነው የመጀመሪያው ጸሎት ያ ነበር።

የተወደዳችሁ አንባቢያን፣ ይህ መዝሙር በስሕተት የገባ አይደለም። ርዕሱ እንደሚያሳየው ለመዘምራን አለቃ የተሰጠ፣ ሕዝቡ በአምልኮ እንዲዘምረው የተጻፈ ነው። ከ150ዎቹ መዝሙራት መካከል እግዚአብሔር ለእንዲህ ያለው ማታም ቃል አስቀምጦልናል። እንግዲህ የትዳር ጓደኛችሁ 88ኛው ላይ ሳለ ወደ 103ኛው አትጎትቱት። ይልቅ አጠገቡ ተቀመጡ፤ አንዳችሁ አንብቡ፣ ሌላው ይስማ፤ ስብከት አትጨምሩበት። ጸሎቱ አንድ ዓረፍተ ነገር ቢሆንም ይበቃል።

እኛ ወደ 103ኛው የተመለስነው ከብዙ ወራት በኋላ ነው። የገለጠችውም እርሷ ነበረች። አሁንም ያንን ልጅ ስናስብ እናዝናለን፤ የምናዝነው ግን አብረን፣ በእርሱም ፊት ነው።